ስፍርና ሚዛን፦ ከጣሳ ወደ ኪሎ እንዴት እንሻገር?

ረመዳን በመጣ ቁጥር በግቢያችን ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ከኢፍጣር አዘጋጆች ነው፦ «ያገኘነው የዳቦ አሠራር በኩባያ ነው የተጻፈው፤ ዱቄቱን የምንገዛው ግን በኪሎ ነው። ስንት ኪሎ እንግዛ?» ሁለተኛው በወሩ መጨረሻ ይመጣል፦ «የፊጥራ ዘካ አንድ ሷዕ ነው ተብለናል። ሷዕ በኪሎ ስንት ነው? አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሁለት ተኩል፣ ሌላው ሦስት ይላል። ማንን እንስማ?»

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም በስፍር የተነገረን ነገር ወደ ሚዛን የመለወጥ ጥያቄ ናቸው። አንዱን በደንብ የተረዳ ሰው ሌላውን ለመረዳት አይቸገርም። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ሒሳቡን፣ ከዚያ ዳቦውን፣ በመጨረሻም ሷዑን ኢንሻአላህ እናያለን።

1. ስፍር ሌላ፣ ሚዛን ሌላ

አማርኛችን ሁለቱን በደንብ ለይቷቸዋል። እህል በቁና ወይም በጣሳ ሲሆን «ይሰፈራል»፤ በኪሎ ሲሆን «ይመዘናል»። በመድረሳ የቀራን ደግሞ «ከይል» እና «ወዝን» ብለን እናውቃቸዋለን። ሱረቱል ሙጠፊፊን መጀመሪያዋ ላይ ሁለቱንም በየስማቸው ታነሳለች፤ ለራሳቸው ሲያስሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱ፣ ለሌላው ሲሰፍሩም ሆነ ሲመዝኑ የሚያጎድሉ ሰዎችን ትወቅሳለች። አቡ ዳውድና ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ በሚዛን የመካ ሰዎች መለኪያ፣ በስፍር የመዲና ሰዎች መለኪያ መሠረት እንዲሆን ተነግሯል። መካ የነጋዴ ከተማ ነበረች፤ ወርቅና ብር ይመዘንባታል። መዲና የገበሬ ከተማ ነበረች፤ ተምርና ገብስ ይሰፈርባታል። ሁለቱ መለኪያዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደሚለኩ ከጥንትም የታወቀ ነው ማለት ነው።

ስፍር የሚለካው አንድ ነገር የያዘውን ቦታ ነው። ሚዛን የሚለካው ክብደቱን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል «እፍግታ» ብለን የተማርነው ነው። ቀመሩም ቀላል ነው፦

ክብደት በኪሎ = ይዘት በሊትር × እፍግታ

የንጹህ ውሃ እፍግታ 1 ነው፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ስንዴ ግን 0.77 ገደማ ነው። የስንዴዋ ፍሬ ራሷ ከውሃ የከበደች ናት፤ ውሃ ውስጥ ስትጨምሯት ትሰምጣለች። ነገር ግን ጣሳውን የሚሞላው ፍሬ ብቻ አይደለም። በፍሬና በፍሬ መካከል አየር አለ። ከጣሳው ይዘት 40 በመቶ ያህሉ አየር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጣሳ ስንሰፍር እህልና አየር አብረን እየሰፈርን ነው። ሚዛን አየሩን አይቆጥርም፤ ስፍር ግን ይቆጥረዋል። የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው።

2. የወፍጮ ቤቱ ማስረጃ

ይህን በቀላሉ የምናይበት ቦታ ወፍጮ ቤት ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ አንዲት እናት 10 ጣሳ ስንዴ ተሸክማ ወፍጮ ቤት ሄደች እንበል። ስንዴው ሲፈጭ ዱቄቱ ይነፋል፤ በመካከሉ ብዙ አየር ይይዛል። ሳይታመቅ ቀስ ተብሎ የተሰፈረ የስንዴ ዱቄት እፍግታው 0.53 ገደማ ነው። 0.77ን ለ0.53 ብናካፍል 1.45 ይሆናል። እናትየዋ ቤቷ ገብታ ዱቄቱን በዚያው ጣሳ ብትሰፍረው 14 ጣሳ ያህል ታገኛለች። በረካ ነው ብትል አንከራከራትም። ሚዛን ላይ ብታወጣው ግን ኪሎው አልጨመረም፤ እንዲያውም በወፍጮው ላይ ከቀረው የተነሳ ትንሽ ይቀንሳል። ወፍጮ ቤቶች በኪሎ የሚያስከፍሉትም ለዚህ ነው።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። «አንድ ጣሳ ስንዴ ላበድርሽ፣ አንድ ጣሳ ዱቄት መልሽልኝ» ቢባባሉ አበዳሪዋ ከሰጠችው ክብደት ሲሶውን ያህል አጥታለች። ማንም ሊያታልል ባያስብም ጣሳው ራሱ አጉድሏል።

3. ጣሳው ራሱ ስንት ነው?

በገበያችን ጣሳ፣ ቁና፣ ብርጭቆና ስኒ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የመለኪያ አዋጅ ሜትርና ኪሎን የአገሪቱ ሕጋዊ መለኪያ ቢያደርግም ጣሳ ከገበያ አልወጣም። በጣሳ መስፈር በራሱ ነውር የለበትም። መታወቅ ያለባቸው ግን ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በጣሳው ላይ የተጻፈው ግራም የእህሉ አይደለም። የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ 900 ግራም ከተጻፈ ያ ቁጥር የወተቱ ክብደት ነው። ያው ጣሳ በስንዴ ሲሞላ ሌላ፣ በስኳር ሲሞላ ሌላ፣ በገብስ ሲሞላ ሌላ ይመዝናል።

ሁለተኛ፣ የተቆለለና የተጠረገ ስፍር አንድ አይደለም። ስንዴ ሲቆለል ጎኑ ከአግድም 27 ዲግሪ ገደማ እስኪሆን ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የቁልሉን ልክ የሚወስነው የዕቃው አፍ ስፋት ነው። አፉ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ1 ሊትር ጣሳ ላይ ቁልሉ 65 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከጣሳው 7 በመቶ አይሞላም። አፉ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰፊ ስፌት ላይ ግን ቁልሉ ብቻውን 1.8 ሊትር ገደማ ይሆናል። አፉ ሦስት እጥፍ ሲሰፋ ቁልሉ 27 እጥፍ አደገ። «በቁልል ነው ወይስ በጠረጋ?» ብሎ ገበያ ላይ መጠየቅ ንፉግነት አይደለም፤ ውሉን ግልጽ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፣ መነቅነቅና መጠቅጠቅ ልኩን ይለውጣል። ጣሳው መሬት ላይ መታ መታ ሲደረግ አየሩ ይወጣና ተጨማሪ እህል ይገባል። በእህል ላይ ለውጡ አነስተኛ ነው፤ በዱቄት ላይ ግን ትልቅ ነው።

4. ወደ ዳቦው እንምጣ

በስልካችን የምናገኛቸው አብዛኞቹ የዳቦና የኬክ አሠራሮች በካፕ ናቸው። የአሜሪካው ካፕ 237 ሚሊ ሊትር ነው፤ ብዙ ሌሎች አገሮች 250 ይላሉ። የእኛ የውሃ ብርጭቆ ደግሞ እንደ ፋብሪካው ነው። ስለዚህ አሠራሩን አንድ ጊዜ ወደ ግራም ለውጦ መጻፍ ይሻላል። ለ250 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለሩብ ሊትር፣ የሚከተሉት ግምቶች ያገለግላሉ፦

• ውሃ፦ 250 ግራም
• ወተት፦ 258 ግራም
• የምግብ ዘይት፦ 230 ግራም
• ስኳር፦ 210 ግራም
• ደቃቅ ጨው፦ 300 ግራም
• ማር፦ 355 ግራም
• የስንዴ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ የተሞላ፦ 130 ግራም
• የስንዴ ዱቄት በብርጭቆው ከከረጢቱ የተዛቀ፦ 150 ግራም ገደማ

የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ልብ በሉ። ብርጭቆውም ዱቄቱም አንድ ነው፤ የተለየው የሰፋሪው እጅ ብቻ ነው። ይህ ዳቦው ላይ ምን ያደርጋል? አሠራሩ 6 ብርጭቆ ዱቄትና 2 ብርጭቆ ውሃ ይላል እንበል። ቀስ ብሎ የሞላ ሰው 780 ግራም ዱቄት ላይ 500 ግራም ውሃ ያደርጋል፤ ውሃው የዱቄቱ 64 በመቶ ነው። በብርጭቆው የዛቀ ሰው 900 ግራም ላይ ያንኑ 500 ግራም ውሃ ያደርጋል፤ ይህ 56 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሊጥ ለስላሳ ነው፣ በደንብ ይነሳል። ሁለተኛው ደረቅ ነው፣ ለማሸት ያስቸግራል፣ ዳቦውም ይጠጥራል። ሁለቱም ሰዎች ግን «እንደተጻፈው ነው የሠራሁት» ብለው ይምላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ለአንድ ቤተሰብ ሲሆን ልዩነቱ 120 ግራም ነው፤ ልምድ ያላት እናት በእጇ ዳስሳ ውሃ ትጨምርበታለች። ለኢፍጣር አሥር እጥፍ ሲሠራ ግን 1.2 ኪሎ ይሆናል። ለዚህ ነው ዳቦ ጋጋሪዎች ሁሉንም ነገር ከዱቄቱ ክብደት አንጻር በመቶኛ የሚያስቡት። ለተራ የስንዴ ዳቦ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፦ ዱቄት 100፣ ውሃ 64፣ ጨው 2፣ ደረቅ እርሾ 1። ዱቄቱ 10 ኪሎ ከሆነ ውሃው 6.4 ኪሎ (6.4 ሊትር)፣ ጨው 200 ግራም፣ እርሾ 100 ግራም ማለት ነው። ዱቄቱ 3 ኪሎ ከሆነም ሒሳቡ ያው ነው። እንግዳ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ማስላት እንጂ መገመት አያስፈልግም።

ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ ላሉት አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ግራሙ በሁለቱም ቦታ ያው ነው። የማይመሳሰለው አየሩ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ውሃም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ 94 ገደማ ላይ ነው። በሌላ በኩል የደሴ ብርድ እርሾውን ያዘገየዋል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ያፈጥነዋል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚሄድ አሠራር ክብደቱ ሳይነካ ይሂድ፤ የሊጡ መነሻ ጊዜ ግን ሰዓት እያዩ ሳይሆን ሊጡን እያዩ ይወሰን።

5. ሚዛን የሌለው ምን ያድርግ?

ዶርም ውስጥ ሚዛን ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ግን የሌለው የለም። ግማሽ ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ነው፤ 2 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ነው። ጠርሙሱ ራሱ የሚመዝነው ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ጥቅም እናገኛለን።

የመጀመሪያው፣ የማንኛውንም ዕቃ ይዘት ማወቅ ነው። ጣሳውን በውሃ ሙሉትና ውሃውን ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጡት። አንድ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሞልቶ ሁለተኛውን ግማሽ ድረስ ካደረሰ ጣሳችሁ 750 ሚሊ ሊትር ነው። በጣሳው ላይ በማርከር ጻፉት። ከዚያ በኋላ ጣሳው ዕቃ ብቻ ሳይሆን መለኪያ ሆነ።

ሁለተኛው፣ የሱቅን ሚዛን መፈተሽ ነው። 2 ሊትር የታሸገ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። ከ2 ኪሎ ጥቂት አሥር ግራም ከፍ ካለ ሚዛኑ ደህና ነው። ከ2 ኪሎ በታች ካነበበ ወይም 2.2 ካለ ባለሱቁን በአክብሮት «ጋሼ፣ ሚዛኑ ሳይዛባ አልቀረም፣ ቢታይ» ማለት ይገባል። ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ራሱ አያውቀውም።

የእህሉን እፍግታ ለማወቅ ደግሞ ይዘቱ የታወቀውን ጣሳ በእህሉ ሞልታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ማውጣት ይበቃል። የጣሳውን ክብደት ቀንሱ፣ የቀረውን ለይዘቱ አካፍሉ። ጤፍ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የቦሩ ሜዳ ገብስ ሁሉ በዚህ መንገድ የራሱን ቁጥር ይሰጣችኋል። እህል እንደ ዝርያው፣ እንደ እርጥበቱና እንደ አበጣጠሩ ስለሚለያይ፣ በእጃችሁ ያለውን መመዘን ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል።

6. ሷዕ በኪሎ ስንት ነው?

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ደረስን። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካተል ፊጥርን ከተምር ወይም ከገብስ አንድ ሷዕ አድርገው ደንግገዋል፤ ሰዎች ወደ ዒድ ሶላት ከመውጣታቸው በፊት እንዲሰጥም አዘዋል። ሷዕ የስፍር ዕቃ ነው። አንድ ሷዕ አራት ሙድ ነው፤ ሙድ ደግሞ መካከለኛ ሰው ሁለት እጆቹን አገጣጥሞ የሚያፍሰው ልክ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ወዲያው ይከተላል። ሷዕ ስፍር ከሆነ «ሷዕ በኪሎ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «የምን ሷዕ?» ካልተባለ ሙሉ መልስ የለውም። ይህን ያገኘው የዘመኑ ምህንድስና አይደለም። በ1277 እ.ኤ.አ. (676 ዓመተ ሂጅራ) ያረፉት ኢማም ነወዊ ሷዕን በክብደት መወሰን ችግር እንዳለበት ጽፈዋል፤ ምክንያቱም የሚሰፈረው እህል ሲለያይ ክብደቱም ይለያያል። ትክክሉ በስፍሩ ላይ መደገፍ ነው የሚለውን የአቡል ፈረጅ አድ-ዳሪሚን ሐሳብም አጽድቀዋል። የሐንበሊ ፉቀሃእ ደግሞ በዱቄት ፊጥራ ማውጣትን ሲፈቅዱ መለኪያው የእህሉ ክብደት እንዲሆን አድርገዋል፤ እህል ሲፈጭ ይበታተናልና። በወፍጮ ቤቱ ያየነው 10 ጣሳ ስንዴ 14 ጣሳ ዱቄት የሆነበትን ነገር እነሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በሑክም ውስጥ አስገብተውታል።

ታዲያ ዑለማዎች ለምን ይለያያሉ? ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ።

አንዱ የሷዑ መጠን ነው። ኢማም ማሊክ፣ ሻፊዒይና አሕመድ 5 ከሲሶ የዒራቅ ሪጥል ነው ሲሉ፣ ኢማም አቡ ሐኒፋ 8 ሪጥል ነው ብለዋል። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ አቡ ዩሱፍ መዲና ሄደው የከተማዋ ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሱትን ሷዕ አምጥተው ካሳዩዋቸው በኋላ የመዲናውን ልክ መቀበላቸው ተዘግቧል። ክርክሩን የፈታው መለኪያውን አምጥቶ ማየት ነበር። ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ አደብ ነው።

ሌላው የእህሉ ዓይነት ነው። የሐነፊያ መዝሀብ በስንዴ ግማሽ ሷዕ ይበቃል ይላል፤ ሌሎቹ በሁሉም ሙሉ ሷዕ ይላሉ። በወሎ የሻፊዒያም የሐነፊያም ፊቅህ ስለሚቀራ፣ አንድ ዶርም ውስጥ ሁለት መልስ መስማት ሊያስገርመን አይገባም።

በዘመናችን ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ ሷዕን 2.75 ሊትር፣ በስንዴ 2,176 ግራም አድርገው አስልተዋል። ሸይኽ ኢብን ዑሠይሚን በጥሩ ስንዴ 2,040 ግራም ብለዋል። የሸይኽ ኢብን ባዝ ፈትዋ ደግሞ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል፤ ለጥንቃቄ። 2.75 ሊትሩን ይዘን በቀመራችን ብናሰላ ይህን እናገኛለን፦

• ስንዴ (0.77)፦ 2.1 ኪሎ
• ገብስ (0.62)፦ 1.7 ኪሎ
• በቆሎ (0.72)፦ 2 ኪሎ
• ሩዝ (0.83)፦ 2.3 ኪሎ
• ያልታመቀ የስንዴ ዱቄት (0.53)፦ 1.45 ኪሎ

እንግዲህ ብዙዎቻችን የምንሰማው 2 ኪሎ ተኩል ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ሆነ። በዝርዝሩ ካሉት ሁሉ ይበልጣል። በኪሎ መዝኖ 2.5 የሰጠ ሰው በዚህ ስሌት ሷዑን ሞልቷል፤ ትርፉ ሰደቃ ነው። 3 የሰጠም የበለጠ ተጠንቅቋል። እርስ በርስ የሚያጣላ ነገር የለም።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሷዕ የሚያክል ዕቃ ይዞ በዱቄት የሞላ ሰው 1.45 ኪሎ ብቻ ሰጥቷል። ስንዴውን በዚያው ዕቃ ከሰጠው ሰው ጋር ሲነጻጸር ለሚስኪኑ ቤት 650 ግራም ምግብ ጎድሏል። ለስድስት ቤተሰብ ሲሆን ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። የዚያን ቀን ዒድ ነው፤ ፊጥራ የተደነገገው ደግሞ ሚስኪኑ በዚያ ቀን ከልመና እንዲያርፍ ነው። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ እህሉን በስፍር ከሰጣችሁ ሷዑን በትክክል ሙሉ፤ ዱቄት ከሆነ ግን ጣሳውን ተዉትና መዝኑ። ዱቄት ይበቃል ወይስ አይበቃም፣ በገንዘብ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ያለበት ነው። ሻፊዒያ ዱቄትን አይቀበሉም፤ ሐነፊያ በገንዘብ ማውጣትን ይፈቅዳሉ። እሱን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። የእኛ ድርሻ ለፈትዋው የሚያስፈልገውን ቁጥር አጥርቶ ማቅረብ ነው።

7. ለጀመዓችን የቀረበ ሐሳብ

ከመጪው ረመዳን በፊት ሦስት ቀላል ሥራዎች ብንሠራ መልካም ነው። አንደኛ፣ የኢፍጣር ማብሰያ ክፍሉን ጣሳዎችና ብርጭቆዎች በውሃ ለክተን ይዘታቸውን እንጻፍባቸው። ሁለተኛ፣ የዳቦውን አሠራር በመቶኛ ጽፈን ግድግዳው ላይ እንለጥፍ። ሦስተኛ፣ ከ2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስና ከ750 ሚሊ ሊትር ጣሳ የ2.75 ሊትር ሷዕ እናዘጋጅ፤ አንድ ትልቅ ባልዲ ላይ እስከዚያ ድረስ መስመር ማስመር ይበቃል። ከዚያ የየራሳችሁን ሁለት እጅ አገጣጥማችሁ አራት ጊዜ ስንዴ እያፈሳችሁ ጨምሩበት፤ መስመሩ ጋ ምን ያህል እንደምትደርሱ ታያላችሁ።

ስፍርን መሙላትና ሚዛንን ማስተካከል የነጋዴ ግዴታ ብቻ አይደለም። ሊጥ የሚያቦካም፣ ፊጥራ የሚሰበስብም፣ ነገ መሐንዲስ ሆኖ ሲሚንቶና አሸዋ የሚያስለካም ሁሉ ይጠየቅበታል። አላህ ስፍራችንን የሞላ፣ ሚዛናችንን የቀና ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።